የዕድራችንን አረጋውያን በሳምንት 3 ቀን ለማንቀሳቀስ አስበናል፤ ከየት እንጀምር?

የዕድር ጸሐፊ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድራችን ከ60 እስከ 80 ዓመት የሆናቸውን አባላት በሳምንት 3 ቀን ሰብስቦ ስፖርት ለማሠራት ወስኗል። 22 ሰው ተመዝግቧል፤ አብዛኞቹ እናቶች ናቸው። ያለን ንብረት ወለሉ ሊሾ የሆነ አዳራሽ፣ ለቅሶ ላይ የምናወጣቸው የፕላስቲክ ወንበሮችና አንድ የግፊት መለኪያ ነው። አሠልጣኝ ለመቅጠር አቅም የለንም፤ ሁለት የሰፈር ወጣቶች ግን ፈቃደኛ ሆነዋል።

ብዙዎቹ በየጠዋቱ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ስለሚመለሱ «ይሄ አይበቃም ወይ?» የሚል ክርክር ተነስቷል። አይበቃም ከተባለ ምን ይሠሩ? ስንት ጊዜ? ግማሾቹ ግፊት አለባቸው፤ ስኳር ያለባቸውም አሉ። ማንን ነው በቅድሚያ ሐኪም ዘንድ መላክ ያለብን? ዐቢይ ጾም ሲገባስ እንቀጥል ወይስ እናቋርጥ?

ወጌሻ አይደለሁም

የፊዚዮቴራፒውን እኔ ልመልስ፤ መድኃኒቱንና ምግቡን ለሚያውቁት ልተው።

መራመድ ለልብ፣ ለሳንባና ለስኳር ስለሚጠቅም ማንም እንዳይተወው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው መመሪያ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለሱም ፈጠን ያለ ከሆነ ይቆጠራል። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዘመር ግን ትንፋሽ ካሳጣቸው፣ መካከለኛ ነው። ይኸው መመሪያ ግን 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ሚዛንንና ጥንካሬን ያጣመረ እንቅስቃሴ ይጨምራል። ሜዳ ላይ መራመድ ጭንን በቂ ጫና አያሳርፍበትም። በዕድሜ ቀድመው የሚሳሱት ፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ናቸው፤ ሰው ኮብልስቶን ላይ ሲደናቀፍ እግሩን ቶሎ ወደፊት ጥሎ ከመውደቅ የሚተርፈው ደግሞ በእነሱ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት የሚራመዱ እናት ከበርጩማ ለመነሳት የሰው እጅ የሚፈልጉት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አታሠሩ፤ ለኩ። ወንበሩ ግድግዳ ይደገፍ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አቆላልፈው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነስተው እንደሚቀመጡ ቁጠሩ። ለመነሳት እጃቸውን ከተጠቀሙ ውጤቱ 0 ይጻፍ። የመቀመጫው ከፍታ 43 ሳ.ሜ. ገደማ መሆን አለበት። ከ65 እስከ 69 ዓመት ያለች ሴት ከ11 በታች፣ ወንድ ከ12 በታች ካመጡ የእግራቸው ጥንካሬ ከዕድሜያቸው በታች ነው። ከ70 እስከ 74 ለሴት 10፣ ለወንድ 12፤ ከ75 እስከ 79 ለሴት 10፣ ለወንድ 11፤ ከ80 እስከ 84 ለሴት 9፣ ለወንድ 10 ውሰዱ።

ሁለተኛው የሚዛን ነው፦ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ፊት አስነክተው፣ ሳይደገፉ 10 ሰከንድ መቆም። ያልቻለ ሰው የመውደቅ ስጋት አለበት። ሦስተኛው፣ ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው፣ ተመልሰው እስኪቀመጡ ያለውን ሰዓት መያዝ ነው፤ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀ እንደዚያው። እነዚህን ሰዎች ለየብቻ ጻፏቸው፤ ሲሠሩ አንዱ ወጣት ከአጠገባቸው አይለይ።

አሁን ወደ ሥራው። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይሁን፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ናቸው፣ ጡንቻም በመሃል የአንድ ቀን ዕረፍት ይፈልጋል። ጠቅላላው 45 ደቂቃ። በመጀመሪያ 8 ደቂቃ አዳራሹን መዞር፣ ትከሻን ማሽከርከር፣ ቆሞ ጉልበትን ማንሳት። ከዚያ የሚከተሉት፦

ተነስቶ መቀመጥ የሁሉም እናት ነው፤ ሌላው ቢቀር ይሄ አይቅር። እግር በዳሌ ስፋት ይከፈት፣ ተረከዝ ከጉልበት ትንሽ ወደ ኋላ ይሳብ፣ አፍንጫ ከእግር ጣት በላይ እስኪደርስ ጎንበስ ይበሉና ይነሱ። ሲቀመጡ 3 ሰከንድ እየቆጠሩ ቀስ ብለው ነው፤ ዱብ ካሉ ግማሹን ሥራ ወንበሩ ሠራላቸው። ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ 1 ወይም 2 ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና። ያልቻሉትን «ጠንክሩ» አትበሏቸው፤ ሁለት ወንበር ደራርቡላቸው። ከፍታውም ይጨምራል፣ ወንበሩም ይጠነክራል።

ግድግዳ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፦ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ሁለት ዙር፣ ሲወርዱ 3 ሰከንድ። ባትን ያጠነክራል።

ግድግዳ መግፋት፦ ክንድ ያህል ርቆ ቆሞ፣ መዳፍ በደረት ትይዩ፣ ሰውነት ቀጥ እንዳለ ክርንን አጥፎ መመለስ። ከ8 እስከ 12፣ ሁለት ዙር።

ደረጃ ላይ መውጣት፦ 15 ሳ.ሜ. የሚሆን አንድ ደረጃ ይበቃል። በአንድ እግር 8 ጊዜ፣ ከዚያ በሌላው፤ አንድ እጅ ግድግዳ ላይ።

ጀሪካን ተሸክሞ መሄድ፦ ባለ 5 ሊትሩን ግማሽ ውኃ ሞልቶ (2.5 ኪሎ) በአንድ እጅ ይዞ፣ ሳያዘነብሉ 10 ሜትር ሄዶ መመለስ፣ እጅ መቀየር። ለመጨበጥ አቅምና ለወገብ ነው። ገበያ የሚወጣ ሰው የሚያስፈልገው ይሄ ነው።

ክብደቱ በቂ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? የመጨረሻዎቹ 2 ድግግሞሾች ሊከብዱ ይገባል፤ አሠራሩ ግን መበላሸት የለበትም። ከጨረሱ በኋላ 4 ወይም 5 መጨመር ከቻሉ ቀልሏል ማለት ነው። በሁለት ተከታታይ ቀን 12ቱን በቀላሉ ከጨረሱ ሦስተኛ ዙር ጨምሩ፣ ከዚያ የተደረበውን ወንበር አንሱ፣ ከዚያ ደረት ላይ ውኃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ አሳቅፏቸው፤ 2 ኪሎ ነው። የአብዛኛው የሰፈር ስፖርት ችግር እዚህ ላይ ነው፦ ዓመቱን ሙሉ ያው እጅ ማወዛወዝ። ጫናው ካልጨመረ ጡንቻም አይጨምርም።

ሚዛን በመጨረሻ፣ 7 ደቂቃ፣ ግድግዳ አጠገብ። እግር ገጥሞ መቆም፣ ከዚያ አንዱን እግር በግማሽ ማስቀደም፣ ከዚያ ተረከዝና ጣት ማስነካት፣ ከዚያ በአንድ እግር። አንዱን ደረጃ 30 ሰከንድ ሳይነቃነቁ ከቆሙ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሲለምዱት ቆመው አንገት ያዙሩ፣ ወይም ከ100 ወደ ታች በ3 እየቀነሱ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ ሰው የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው። ዓይን ማስጨፈን ግን ይቅርባችሁ፣ ቡድን ውስጥ ለዚያ የሚበቃ ረዳት የላችሁም።

የሚበላሸው ነገር ብዙ አይደለም። የፕላስቲክ ወንበር ሊሾ ላይ ይንሸራተታል፣ ሁልጊዜ ግድግዳ ይደገፍ፤ እግሩ የተሰነጠቀውን ከወዲሁ አውጡ። ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣ አይሥራ፤ ተረከዝን የሚይዝ፣ ሶሉ ስስ የሆነ ሸራ ጫማ ይበቃል። ካልሲ ብቻ አድርጎ ሊሾ ላይ መቆም ከሁሉ ይብሳል። ትንፋሽ ማመቅ ግፊትን በቅጽበት ያሽቅባል፣ ስለዚህ ሲነሱ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ማመቅ አይችልም።

የድሮ ሰው

አያቶቻችን ይህ ሁሉ ቁጥር ሳይኖር 90 ዓመት ይኖሩ ነበር። ውኃ ቀድተው፣ እህል ፈጭተው። አሁን ለመነሳትና ለመቀመጥ ፕሮግራም ይወጣል?

ወጌሻ አይደለሁም

ልክ ነዎት አባቴ፤ ያነሷቸው ሥራዎች ሁሉ እኮ ከላይ የጻፍኳቸው ናቸው። እንስራ ተሸክሞ ዳገት መውጣት፣ በርጩማ ላይ በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ መቀመጥና መነሳት ከባድ የጭን ሥራ ነው። አሁን ሶፋ ገብቷል፣ ቧንቧ ቤት ደርሷል፣ ወጡንም ልጆች ይሠሩታል። የጠፋውን ጫና ቆጥረን ካልመለስነው በራሱ አይመለስም። በነገራችን ላይ ቤት ያለውን በርጩማ አትጣሉት፤ ጉልበቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ቡና ሲፈላ እሱ ላይ መቀመጥ ጥሩ ልምምድ ነው። ስግደትም እንዲሁ፤ ከመሬት መነሳትን ሰውነት እንዳይረሳ ያደርጋል።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

ማንን ወደ ሐኪም እንላክ ለሚለው፦ ሲራመድ ወይም ደረጃ ሲወጣ ደረቱን የሚጨንቀው፣ ተኝቶ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ባለፈው ዓመት ሁለቴና ከዚያ በላይ የወደቀ ወይም ራሱን የሳተ፣ ባለፉት 3 ወራት ስብራት ወይም ቀዶ ጥገና የነበረበት፣ እግሩ ላይ ቁስል ያለበት የስኳር ሕመምተኛ፣ እንዲሁም ሳይጾም ሳያስበው ከስቶ ልብሱ የሰፋበት ሰው። ሌሎቹ ይጀምሩ። ግፊት ወይም ስኳር መኖሩ ብቻ ከስፖርት አያስቀርም፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ለሚወስድ እንዲያውም ሕክምናው ነው።

የግፊት መለኪያችሁን በትክክል ተጠቀሙበት። ከመለካቱ 30 ደቂቃ በፊት ቡና የለም፣ ሽንት ይሸና፣ 5 ደቂቃ ጀርባን ደግፎ፣ እግርን መሬት አስነክቶ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ክንድ በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ። በልብስ ላይ ማሰር ወይም እያወሩ መለካት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከ180 በ110 በላይ ከሆነ ከ5 ደቂቃ በኋላ ድገሙ፤ ያው ከሆነ የዚያን ቀን አይሠሩም፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከዚህ ጋር ደረት መጨነቅ፣ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የንግግር መደናቀፍ ካለ ግን ድጋሚ ልኬት አትጠብቁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

አብዛኛው ሰው የማይለካው የመቆሙን ግፊት ነው። ለ5 ደቂቃ ጋደም ብለው ለኩ፤ ከዚያ አስቁሙና በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ፣ ማታ ለሽንት ሲነሱ የሚያዞራቸው እነዚህ ናቸው። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ኪኒን፣ በቂ ውኃ አለመጠጣት፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ዋና ዋና ምክንያቶቹ ናቸው። ኪኒኑን በራሳቸው አያቁሙ፤ የተለካውን ቁጥር ጽፋችሁ ለሐኪማቸው ስጧቸው። ስግደት ለሚያበዙትም ከእያንዳንዱ ስግደት በኋላ አንድ ሁለት ትንፋሽ ቆም ይበሉ።

ስኳር ያለባቸው ግሊቤንክላማይድ (የስኳር ኪኒን) ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ በባዶ ሆድ አይሥሩ። ከመጀመራቸው በፊት የደም ስኳራቸው ከ90 በታች ከሆነ ቀለል ያለ ነገር ይቅመሱ። መካከል ላይ ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት ከታየ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ በውኃ በጥብጣችሁ ስጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻላቸው ድገሙ። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ግን ምንም አታፍስሱ። አቴኖሎል የተባለውን የግፊት ኪኒን የሚወስዱት ላይ የልብ ምት መቁጠር ዋጋ የለውም፣ መድኃኒቱ ይይዘዋል፤ የማውራቱን ፈተና ተጠቀሙ።

ሽሮና ሳይንስ

በጾም አታቋርጡ። ሰዓቱን ብቻ ቀይሩ፦ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾሙት 10 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው፣ በልተውም ጠጥተውም ይመጣሉ። በረመዳን የሚጾሙ አባላት ካሏችሁ ደግሞ ቀኑን ውኃ ስለሌለ ከኢፍጣር በኋላ ቤታቸው ይሥሩ፣ ወይም ያንን ወር ሚዛኑን ብቻ ይያዙ።

ዋናው ጉዳይ ፕሮቲን ነው። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ አረጋዊ በኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን በቀን ያስፈልገዋል፤ 60 ኪሎ ለሆኑ እናት ከ60 እስከ 72 ግራም። የኩላሊት ሕመም ካለ መጠኑን ሐኪም ይወስናል። በፍስክ ቀን ቀላል ነው፦ 2 እንቁላል 12 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ 25 ግራም ገደማ ይሰጣል።

በጾም ቀን ግን አስሉት። 150 ግራም የጤፍ ዱቄት የገባበት እንጀራ ወደ 15 ግራም ይሰጣል። የአንድ ሰው ሽሮ 50 ግራም ዱቄት ካለው 10፤ ምስር 60 ግራም (ሳይበስል ተመዝኖ) 14፤ አንድ ጭብጥ ለውዝ፣ 50 ግራም ያህል፣ 12፤ 50 ግራም በሶ 5 ግራም። ተደምሮ 56 ነው፣ ያውም ሁሉንም በልተው። ጎመንና ድንች ብቻ የበላ ሰው ከዚህ በግማሽ ይቀራል። 55 ቀን እንዲህ ከቆየ ከጭኑ ላይ እየተቆረጠ ነው የሚሄደው። ቀዳዳው የሚደፈነው በአኩሪ አተር ነው፦ 30 ግራም የአኩሪ አተር ዱቄት 10 ግራም ይጨምራል። ሽሮው ሲዘጋጅ ከ4 እጅ ሽምብራ 1 እጅ አኩሪ አተር ማስገባት ጣዕሙን ብዙ አይለውጠውም። በደንብ ይቆላ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው። ሽሮ ከገበያ የሚገዙ ከሆነ ጓያ እንዳይበዛበት ይጠይቁ፤ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል።

ጥርስ ለሌላቸው ቆሎ አትምከሩ። ለውዙ ተወቅጦ በአጥሚት ወይም በገንፎ ይግባ። በሁለቱ ማዕድ ላይ ፕሮቲኑን አከፋፍሉት፤ ሁሉን ማታ ከመጫን ይሻላል።

ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው የሚገኘው። ጉበት ለረጅም ጊዜ ስለሚያከማቸው ጾም ብቻውን ቶሎ አያሳጣም፤ ሜትፎርሚን (የስኳር ኪኒን) ወይም ኦሜፕራዞል (የጨጓራ መድኃኒት) ለዓመታት የሚወስድ ጿሚ ግን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። እግር መደንዘዝ፣ ሚዛን መሳት፣ የመርሳት ምልክት ካለ «ዕድሜ ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ይመርመሩ። በነዚህ ላይ ጾሙን ማቅለል የሚያስፈልግ ከሆነ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ፤ ለታመመና ለደከመ መፍትሔ ይሰጣሉ።

ጥማት ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል። አንድ ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ጠዋት ሞልቶ ከዓይን ፊት ማስቀመጥና እስኪተኙ መጨረስ ለመጀመር ይበቃል፤ ልባቸው ደካማ ሆኖ ውኃ የተከለከሉ ካሉ ግን የሐኪሙን መጠን ይጠብቁ።

የዕድር ጸሐፊ

እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቶች አሉ፤ «ቁርጥማት ነው፣ መነሳት መቀመጥ ይጎዳኛል» ይላሉ። ሌላው፣ በሥራው መሃል ሰው ቢወድቅ ምን እናድርግ?

ወጌሻ አይደለሁም

ለጉልበት፦ የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነው ልም አጥንት ቢሳሳም ጭን ሲጠነክር ጫናው ከመገጣጠሚያው ላይ ይነሳል፤ ስለዚህ ማቆሙ ያባብሰዋል። ወንበሩን ከፍ አድርጉ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይገባ በሁለተኛው የእግር ጣት አቅጣጫ ይሁን፣ ደረጃውን ለጊዜው ይተዉት፤ በተለይ መውረዱን፣ ጉልበትን የሚጭነው እሱ ነው። ሲሠሩ ሕመሙ ከ10 ነጥብ 5 እስኪደርስ ይታገሱት፤ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወይም ካበጠ በሚቀጥለው ቀን ድግግሞሹን በግማሽ ቀንሱ። የጭን መዛል ለ2 ቀን መቆየቱ ግን ጤናማ ነው፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለዚያ በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ይቀራል።

ለወደቀ ሰው፦ ብብት ይዛችሁ አታንሱ። መጀመሪያ ጠይቁ፣ ተመልከቱ። አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ወይም ብሽሽትና ዳሌ ላይ ከባድ ሕመም ካለ አታስቆሙ፤ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። ባለበት ጋቢ አልብሳችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ወጌሻ ዘንድ መውሰድ የለም፤ ዳሌ በመታሸት አይጠገንም፣ በጥብቅ የታሰረ እግር ደግሞ ደም ተቋርጦበት እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

ያልተጎዳ ከሆነ እሱው ይነሳ፣ እናንተ ወንበር አቅርቡ። በጎን ይዙር፣ በእጅና በጉልበት ይንበርከክ፣ ወንበሩን ይያዝ፣ ጠንካራውን እግር ፊት ያድርግ፣ ገፍቶ ይነሳ፣ ዞሮ ይቀመጥ። ይህን ሳይወድቁ በፊት በወር አንድ ጊዜ ምንጣፍ ላይ አለማምዷቸው።

ሲስተር ከጤና ጣቢያ

አንድ ነገር ልጨምር፦ ብዙው ሰው የሚወድቀው ቤቱ ውስጥ ነው። ወጣቶቹ በየቤቱ ዞረው ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ይዩ። የሚንሸራተት ምንጣፍ ይነሳ፣ የደረጃው ጠርዝ በነጭ ቀለም ይቀባ፣ መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ ትራስ ሥር ይቀመጥ፣ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚጨበጥ ብረት ይገጠም። ብረቱን በፎጣ መስቀያ አትተኩት፣ ሰው አይችልም።

ልኬቱን በ12ኛው ሳምንት ድገሙትና ቁጥሩን እዚህ ጻፉልን፣ ያልተሻሻሉትን ለይተን እናያቸዋለን።